የዴሊቨሪ ሩት ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ43 ዓመት ሰው ነኝ፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት። መጀመሪያ ታክሲ፣ ከዚያ ኡበር ነዳሁ። ላለፉት 5 ዓመታት ደግሞ ለአንድ የፌዴክስ ግራውንድ ኮንትራክተር ተቀጥሬ ዕቃ አደርሳለሁ። አሁን አንድ ብሮከር 6 ሩት ያለው ቢዝነስ በ480 ሺህ ዶላር አቅርቦልኛል። በወረቀቱ ላይ ለባለቤቱ በዓመት 160 ሺህ ዶላር ይተርፋል ይላል። ባለቤቱ ራሱም አንዱን ሩት ይነዳል። 18 ሺህ ዶላር የኢንጂን ጥገና ‹አንድ ጊዜ የወጣ ወጪ ነው› ተብሎ ወደ ትርፉ ተመልሷል። መኪኖቹ 7 ናቸው፤ 4ቱ ትልልቅ ስቴፕ ቫኖች ሆነው ከ200 ሺህ ማይል በላይ ሄደዋል፣ 3ቱ ትንንሽ ቫኖች ናቸው። ሾፌሮቹ በቀን 180 ዶላር ይከፈላቸዋል፤ ኦቨርታይም የሚባል ነገር የለም። እኛ በእጃችን 90 ሺህ ዶላር አለን፤ ግማሹ የእቁብ ነው። ቀሪውን ባንክ ያበድርሃል ተብያለሁ። የአክስቴ ልጅ ደግሞ 40 ሺህ ላዋጣና አብረን እንሥራ ይለኛል። ብሮከሩ በሁለት ሳምንት ካልወሰንክ ሌላ ገዢ አለ ብሎኛል። ባለቤቴ ነርሲንግ ሆም ነው የምትሠራው፤ ቤታችንን የሚነካ ከሆነ አልፈርምም ብላለች። እኔ ግን የሰው ተቀጣሪ ሆኜ ማርጀት አልፈልግም። ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ ቁጥሮቹን ሳትደብቅ ስለጻፍክልኝ አመሰግናለሁ። «ሩት ያዋጣል ወይ?» ብቻ ተብዬ ብጠየቅ የምመልሰው ነገር አይኖረኝም ነበር። አንተ ግን የሚሰላ ነገር ሰጥተኸኛል።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልንገርህ። ይህንን ቢዝነስ በ480 ሺህ ዶላር አትግዛ። ሥራው መጥፎ ሆኖ አይደለም። አንተም ለሥራው እንግዳ አይደለህም፤ 5 ዓመት ስካነር ይዘህ ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ የኖርክ ሰው ነህ። ዕቃው የሚጫንበትን ተርሚናል ረግጦ የማያውቅ፣ ብሮከር በላከለት ወረቀት ብቻ የሚገዛ ሰው ሞልቷል። አንተ ከእሱ በብዙ ትሻላለህ። ችግሩ ዋጋው ነው። ዋጋው የተመሠረተበት 160 ሺህ ዶላር የሚባለው ትርፍ ደግሞ የለም።

ወደ ሒሳቡ ከመግባታችን በፊት ግን ምን እንደምትገዛ እንነጋገር። ሩት ገዛሁ ሲባል መሬት የተገዛ ይመስላል። ዚፕ ኮዶቹ የሻጩ አይደሉም። ደንበኞቹም የሻጩ አይደሉም፤ ዕቃውን የሚልኩት ድርጅቶች የተዋዋሉት ከፌዴክስ ጋር ነው። ሻጩ ያለው መኪኖቹ፣ አብረውት የሚሠሩት ሾፌሮችና በዚያ አካባቢ ዕቃ እንዲያደርስ ከፌዴክስ ጋር የፈረመው ውል ነው። ውሉ የማለቂያ ቀን አለው። ቀኑ ሲደርስ ሊታደስም ላይታደስም ይችላል፤ ከታደሰም ክፍያው እንደገና ድርድር ነው። ሻጩ ውሉን ወዳንተ ለማስተላለፍ እንኳ የፌዴክስ ስምምነት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ለብሮከሩ የምታነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ «ውሉ የሚያልቀው መቼ ነው?» የሚል ይሁን። ብድርህ የ10 ዓመት ሆኖ ውሉ የቀረው ጥቂት ወር ከሆነ፣ ያንን ሳታውቅ መፈረም የለብህም።

አሠራሩ እንዲህ የሆነው በምክንያት ነው። ፌዴክስ ግራውንድ መነሻው በ1985 የተቋቋመው አርፒኤስ የሚባል ድርጅት ነው። ፌዴክስ በ1998 ገዛው፤ በ2000 የአሁኑን ስም ያዘ። ያኔ እያንዳንዱ ሾፌር የራሱን መኪና ገዝቶ፣ የራሱን ሩት ይዞ «ኮንትራክተር ነህ» ይባል ነበር። ሾፌሮቹ ግን ዩኒፎርሙን፣ ሰዓቱን፣ አሠራሩን ሁሉ የምትወስኑልን እናንተ ስለሆናችሁ ተቀጣሪዎች ነን ብለው ከሰሱ። በ2014 የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለካሊፎርኒያ ሾፌሮች ፈረደላቸው። በ2015 ኩባንያው ጉዳዩን በ228 ሚሊዮን ዶላር ለመዝጋት ተስማማ። ዛሬ ነጠላ ሾፌር ኮንትራክተር መሆኑ ቀርቷል። ኮንትራክተሩ የተመዘገበ ኩባንያ ነው፤ ሾፌሮቹ የዚያ ኩባንያ የደብሊው-ቱ ተቀጣሪዎች ናቸው።

ይህ ላንተ ትልቅ ለውጥ ነው። «ኢንዲፔንደንት ኮንትራክተር» ሲባል ራስህን ችለህ የምትነዳ ሰው አድርገህ አታስብ። የምትሆነው ቀጣሪ ነው። ፔይሮል፣ ወርከርስ ኮምፕ (ሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚገባ ኢንሹራንስ)፣ የሾፌሮች የሕክምና ካርድ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ «ዛሬ አልመጣም» የሚል ቴክስት፣ ሁሉም ባንተ ላይ ነው። ከሾፌሮቹ ደመወዝ ለታክስ የምትቀንሰው ገንዘብ ደግሞ ያንተ አይደለም፤ የመንግሥት አደራ ነው። እጅ ሲያጥርህ እሱን ነክተህ ለጥገና ብታውለው፣ የታክስ መሥሪያ ቤቱ አይአርኤስ ኩባንያውን አልፎ አንተን በግልህ መጠየቅ ይችላል። ኩባንያው ቢዘጋም ዕዳው ይከተልሃል።

አሁን ወደ 160 ሺው እንምጣ።

ሩት በሚሸጥበት ገበያ የዓመት ትርፍን በ3 ገደማ አባዝቶ ዋጋ ማውጣት የተለመደ ነው። 160 ሺህ ሲባዛ በ3፣ 480 ሺህ። ዋጋው ከየት እንደመጣ ይኸውልህ። ስለዚህ ትርፉ ላይ የተጨመረች እያንዳንዷ ዶላር አንተን 3 ዶላር ታስወጣሃለች።

ባለቤቱ አንዱን ሩት ራሱ ይነዳል ብለሃል። ለራሱ ደመወዝ ስለማይከፍል ያ ገንዘብ ትርፍ መስሎ ተቀምጧል። በእሱ ቦታ ሾፌር ብትቀጥር በቀን 180፣ በሳምንት 5 ቀን 900 ዶላር ነው። በዓመት 46,800 ይሆናል። በዚያ ላይ ቀጣሪው የሚከፍለው 7.65 በመቶ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ድርሻ አለ፤ ወርከርስ ኮምፕ አለ። 54 ሺህ እንበለው። ከ160 ሲቀነስ 106 ሺህ ይቀራል።

ቀጥሎ የጥገናው 18 ሺህ። ሻጩ «ይሄ ወጪ አንተን አይነካህም» ብሎ ወደ ትርፉ የመለሰው ነው፤ ብሮከሮቹ አድ-ባክ ይሉታል። የሻጩ የግል ስልክ ወይም የቤተሰቡ የጤና መድን ቢሆን ያስኬዳል። 200 ሺህ ማይል ያለፉ 4 ስቴፕ ቫኖች ይዞ ኢንጂን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚበላሸው ማለት ግን አይሆንም። በሚቀጥለው ዓመት ተራው የትራንስሚሽን ይሆናል። አንተ ራስህ በየጠዋቱ ተርሚናል ላይ ቆመው ሳይነሱ የሚቀሩ መኪኖችን አይተሃል። ይሄንንም ቀንሰው፤ 88 ሺህ ቀረ።

መኪኖቹ መተካታቸው አይቀርም። በዓመት አንድ ደህና ያገለገለ ስቴፕ ቫን ለመተካት 28 ሺህ ዶላር እንያዝ። 60 ሺህ ቀረ።

ብድሩን እንየው። 90 ሺህህን ሙሉ ሰጥተህ 390 ሺህ ብትበደር፣ በ10.5 በመቶ ወለድ ለ10 ዓመት፣ ወርሃዊ ክፍያው 5,260 ዶላር ገደማ ነው። በዓመት 63 ሺህ። ከሚተርፍህ በ3 ሺህ ይበልጣል። በብሮከሩ ወረቀት 97 ሺህ ዶላር ኪስህ ይገባል፤ በእውነተኛው ሒሳብ ባንኩ ሁሉንም ይወስዳል። አንድ ሩት ራስህ ብትነዳ የሾፌሩ ደመወዝ ላንተ ይቀራል። ያ ግን ዛሬም የምታገኘው ደመወዝ ነው። 480 ሺህ ዶላር ከፍለህ የምትገዛው አሁን ያለህን ሥራ ነው፤ ዕዳውና የሌሊቱ ስልክ ሲጨመርበት።

ሒሳቡ እዚህም አያበቃም። ሾፌሮቹ ኦቨርታይም የላቸውም ያልከው ነገር አሳስቦኛል። በትልልቅ መኪና የሚሠሩ ሾፌሮች በፌዴራል ሕግ ከኦቨርታይም ውጪ የሚሆኑበት መንገድ አለ። ከ2008 ወዲህ ግን 10,000 ፓውንድና ከዚያ በታች የሆነ መኪና የሚነዳ ሾፌር በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ከሠራ ኦቨርታይም ይገባዋል፤ የቀን ክፍያ ቢሆንም። የሾፌሩን በር ስትከፍት ጠርዙ ላይ የተለጠፈች ምልክት አለች። እሷ ላይ «ጂቪደብሊውአር» ከሚለው (አምራቹ ለመኪናው ከነጭነቱ ከፈቀደው ከፍተኛ ክብደት) አጠገብ ያለውን ቁጥር አንብብ። መንገድ ላይ ዕቃ ሞልቶ ስንት እንደሚመዝን አትገምት፤ መነሻው የተለጠፈው ቁጥር ነው። ሦስቱም ቫኖች ላይ ራስህ ሄደህ እየው፤ አንዳንድ ትልቅ የሚባል ቫን ከ10,000 በላይ ሆኖ ይገኛል።

ከታች ከሆነስ? ሾፌሩ በቀን 10 ሰዓት፣ በሳምንት 50 ሰዓት ይሠራል እንበል። 900 ዶላሩ ለ50 ሲካፈል በሰዓት 18 ነው። ለ10ሩ ትርፍ ሰዓት የ18 ግማሽ፣ ማለት 9 ዶላር ይጨመርለታል። በሳምንት 90 ዶላር። ሦስት ሾፌር፣ 52 ሳምንት፦ በዓመት 14 ሺህ ዶላር። ሾፌሮቹ ቢከሱ በፌዴራል ሕግ የሁለት ዓመት ወደኋላ ይቆጠራል፤ ሆን ተብሎ ከሆነ ሦስት ዓመት። ካሣውም እጥፍ ሊሆን ይችላል። ቀድሞ የነበረውን ዕዳ ማን ይሸከማል የሚለውን ጠበቃ ውሉ ላይ ያስረው። ከገዛህበት ቀን ጀምሮ ያለው ግን ያንተ ነው። እንግዲህ 60 ሺው ወደ 46 ሺህ ወረደ።

አንተም ዛሬ የምትነዳው እንዲህ ያለ ትንሽ ቫን ከሆነ፣ ይህ ገንዘብ ላንተም ይገባህ ይሆናል። ሳትገዛም ቢሆን እሱን አጣራ።

ወረቀት ስትጠይቅ የብሮከሩን ባለቀለም ማጠቃለያ ወደ ጎን አድርገው። የምትፈልገው ፌዴክስ በየሳምንቱ ለኮንትራክተሩ የሚልከውን የክፍያ ዝርዝር ነው፤ ሴትልመንት የሚባለውን። ቢያንስ የሁለት ዓመት፣ አንድም ሳምንት ሳይጎድል። እዚያ ላይ ቋሚው የሳምንት ክፍያ፣ በስቶፕ (ዕቃ በሚደርስበት በር ቁጥር) የሚታሰበው፣ የነዳጅ ድጎማው ሁሉ ለየብቻ ይታያል። የዲሴምበርን ብቻ ካሳዩህ አትቀበል። ከታንክስጊቪንግ እስከ ገና ማንም ሩት ጥሩ ይመስላል። የጃንዋሪንና የፌብሩዋሪን ሳምንታት አውጣ። ስቶፕ በቀነሰበት፣ መኪና ግን ያው ነዳጅ በሚጠጣበት፣ ሾፌርም ያው 180 በሚከፈልበት ሳምንት ስንት ቀረ? ያ ነው የቢዝነሱ ጤና።

ከዚያ የሻጩ ታክስ ሪተርን። እሱ የሚሰጥህን ኮፒ ብቻ ይዘህ አትቀመጥ፤ ባንኩ በሻጩ ፊርማ ከአይአርኤስ በቀጥታ ማውጣት ይችላል። ለታክስ ትንሽ ትርፍ፣ ለገዢ ትልቅ ትርፍ የሚያሳይ ሰው ካጋጠመህ ተነስተህ ሂድ። በመኪኖቹ ላይ ዕዳ መኖሩን ከባለቤትነት ወረቀታቸው (ከታይትላቸው) አጣራ። በኩባንያው ሌላ ንብረት ላይ ያለ ዕዳ ደግሞ ዩሲሲ በሚባለው የመያዣ መዝገብ ይታያል፤ ቨርጂኒያ ውስጥ መዝገቡ የሚገኘው ስቴት ኮርፖሬሽን ኮሚሽን ዘንድ ነው፤ በሻጩ ኩባንያ ስም ይፈለጋል። ኮንትራክተሮች ሲጨንቃቸው የሚወስዱት በየቀኑ ከሒሳብ የሚቆረጥ ፈጣን ብድር አለ፤ የሱ አሻራም ብዙ ጊዜ እዚያው ይገኛል። የወርከርስ ኮምፕ የጉዳት ታሪክ ከኢንሹራንሱ ይምጣልህ። ወገቡን የተጎዳ አንድ ሾፌር ፕሪሚየሙን ለዓመታት ከፍ አድርጎት ሊሆን ይችላል።

ሾፌሮቹን ማናገር የግድ ነው። ሻጩ መጀመሪያ ላይ እንዲያውቁ አይፈልግም፤ ይገባኛል። ከመፈረምህ በፊት ግን ሁሉንም ማግኘት አለብህ። 6 ሩት ያለው ቢዝነስ ከሾፌሮቹ ሁለቱ የሻጩ ዘመዶች ሆነው እሱ ሲወጣ አብረው ከወጡ፣ በመጀመሪያው ሰኞ ሁለት መኪና ዕቃ ተሸክሞ ይቆማል። ያንን ዕቃ የሚያደርሰው ማነው? አንተ ነህ፤ የሦስት ሰው ሥራ ደግሞ ለአንድ ሰው አይቻልም።

አሁን ካንተም ከሻጩም አቅም በላይ ስላለው ነገር። ፌዴክስ በ2024 ጁን ወር ኤክስፕረስ የሚባለውን የፈጣን ዕቃ ክፍሉንና ግራውንዱን በአንድ ኩባንያ አጣምሯል። ኔትወርክ 2.0 በሚባለው ዕቅዱ ጣቢያዎችን እየዘጋና እያዋሃደ ነው። ይህ ለአንድ ኮንትራክተር በረከትም መርገምም ሊሆን ይችላል። በአንዳንድ ቦታ የኤክስፕረሱ ዕቃ ለኮንትራክተሩ ተጨምሮለት፣ አንድ ሰፈር ውስጥ ብዙ ስቶፕ አግኝቷል። በካናዳ ግን በ2024 የግራውንድን የኮንትራክተር አሠራር ወደ ኩባንያው ተቀጣሪዎች ማዞር ጀምሯል። ዕቃውም ይመጣል ይሄዳል፤ በ2019 ፌዴክስ ከአማዞን ጋር የነበረውን የግራውንድ ውል አላድስም ሲል ያ ሁሉ ካርቶን ከመኪኖቹ ላይ ወርዷል። ስለዚህ ያንተ ተርሚናል ሊዘጋ ወይም ሊዛወር ታቅዶ እንደሆነ ጠይቅ። ተርሚናሉ 25 ማይል ቢርቅ በየቀኑ በየመኪናው 50 ማይል ባዶ ጉዞ ተጨመረ ማለት ነው፤ አንድም ስቶፕ ሳይጨመር። በዚያ አካባቢ ለዓመታት የሠራህ ሰው ስለሆንክ ከማንም ብሮከር በላይ ወሬው ይደርስሃል። የተርሚናሉን ሰዎች፣ ሌሎቹን ኮንትራክተሮች አናግር።

የድርድር ጉልበት በማን እጅ እንዳለም እወቅ። በ2022 ክፍያው አይበቃም እያለ በአደባባይ ሲሟገት የነበረውን ስፔንሰር ፓተን የሚባል ኮንትራክተር ፌዴክስ የአማካሪ ድርጅቱን ከሰሰው፤ የሩቶቹንም ውል አቋረጠበት። ሰውዬው ከ200 በላይ ሩት ነበረው። 6 ሩት ያለው ሰው ተነስቶ «ክፍያ ጨምሩልኝ» ቢል ምን ያህል እንደሚሰማ አንተው ገምት። ይህ ሁሉ ሥራውን አትሥራ ለማለት አይደለም። ይህ አደጋ በዋጋው ውስጥ መታየት አለበት ለማለት ነው።

ስለ ገንዘቡ። ባንክ ያበድርሃል ያሉህ ኤስቢኤ የሚባለው የመንግሥት የአነስተኛ ንግድ መሥሪያ ቤት ዋስ የሚሆንበትን ብድር ይመስለኛል። ቢዝነስ ለሚገዛ ሰው ቢያንስ 10 በመቶ ከራሱ እንዲያዋጣ ይጠይቃል። 20 በመቶና ከዚያ በላይ ድርሻ ያለው ሁሉ በግሉ ዋስ ሆኖ ይፈርማል። ቢዝነሱ ቢወድቅ ዕዳው አይወድቅም። መኪኖቹ ለመያዣ ስለማይበቁ ባንኩ ቤቱ ላይ መያዣ ሊጠይቅ ይችላል። ባለቤትህ የፈራችው ይህንን ነው፤ ፍርሃቷም በቂ ምክንያት አለው። ማለቂያ ቀን ላለው ውል ልጆቻችሁ የሚያድሩበትን ቤት አታስይዙ። በዚህ ላይ ከእሷ ጋር ነኝ።

የእቁቡ ገንዘብ ችግር የለበትም፤ ከየት እንደመጣ ግን ማሳየት አለብህ። ባንክ ድንገት የገባ 45 ሺህ ዶላር ሲያይ ይጠይቃል። የእቁቡን ዝርዝር፣ በየወሩ ያወጣኸውን፣ ዕጣው የወጣልህን ቀን፣ የሰብሳቢውን የተፈረመ ወረቀት አዘጋጅ። ገንዘቡ በካሽ ከሆነ በአንድ ጊዜ ባንክ አስገባው። ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ካሽ ሲገባ ባንኩ ሪፖርት ያደርጋል፤ ያ ወንጀል አይደለም። ሪፖርቱን ለመሸሽ 9 ሺህ፣ 8 ሺህ እያሉ ከፋፍሎ ማስገባት ነው ወንጀሉ። የእኛ ሰዎች ንጹሕ ገንዘባቸውን ይዘው በማያውቁት ነገር መከራ የሚያዩት እዚህ ላይ ነው።

የአክስትህ ልጅ 40 ሺህ ያዋጣ ብትለው፣ ከ130 ሺው 31 በመቶ ገደማ የእሱ ነው። እሱም በግሉ ዋስ ሆኖ መፈረም ይኖርበታል። ይህን ነግረኸዋል? የመኖሪያ ወረቀቱስ? ከ2025 ወዲህ የኤስቢኤ ሕግ ጠብቋል። በአንድ ባለድርሻ ወረቀት ምክንያት ሙሉ ብድሩ ሊቀር ይችላል። ግሪን ካርድ ብቻ የያዘ ሰው ካላችሁ፣ አንተም ብትሆን፣ ዛሬ ይፈቀድ እንደሆነ ባንኩን በመጀመሪያው ቀን ጠይቅ፤ ለጠበቃና ለአካውንታንት ገንዘብ ካወጣህ በኋላ እንዳይሆን። ከዘመድ ጋር መሥራት አይከፋም። ማን ሌሊት ተነስቶ ተርሚናል እንደሚሄድ፣ ማን ደመወዝ እንደሚወስድ፣ አንዱ ልውጣ ቢል ድርሻው እንዴት እንደሚገመት ሳትጽፉ ግን ገንዘብ አትቀላቅሉ። «እኛ እኮ አንድ ነን» የሚባለው ቤተሰብ ሊቀያየም ሲል ነው።

የሁለት ሳምንቱን ነገር ተወው። ሌላ ገዢ ካለ ይግዛ። የብሮከሩን ኮሚሽን ብዙውን ጊዜ የሚከፍለው ሻጩ ነው፤ ስለዚህ ብሮከሩ የሚሠራው ለማን እንደሆነ እወቅ። አንተ የራስህ አካውንታንትና የራስህ ጠበቃ ያስፈልግሃል፤ ብሮከሩ «እኔ የማውቀው ጥሩ ሰው አለ» የሚልህን ሳይሆን።

እንግዲህ ምን ታድርግ? በዚሁ ቢዝነስ ልብህ ካረፈ፣ ወረቀቶቹ ሁሉ ከተሟሉና ውሉ ገና ጊዜ ካለው፣ ከ240 ሺህ ዶላር በላይ አትስጥ። መነሻዬ ደመወዝና ጥገና ተቀንሶ የቀረው 88 ሺህ ነው፤ ቫኖቹ ኦቨርታይም ካለባቸው 240ውም ብዙ ነው። 60 ሺህ ከእጅህ ከፍለህ 180 ሺህ ብትበደር ወርሃዊው 2,430 ገደማ፣ በዓመት 29 ሺህ ነው። ከ60 ሺው 31 ሺህ ይቀርሃል፤ አንድ ሩት ራስህ ስትነዳ ደግሞ ደመወዙ ይጨመርበታል። ያኔ እውነተኛ ቢዝነስ ሆነ። ቀሪዋን 30 ሺህ አትንካት። ለሾፌሮች ደመወዝ የምታወጣው ብቻ በሳምንት ከ5 ሺህ ዶላር በላይ ነው፤ መኪና ቆሞ ክፍያ በቀነሰበት ሳምንትም ሾፌር ይከፈለዋል። ሻጩ የዋጋውን አንድ ክፍል ቆይቶ ከሥራው ላይ እንዲቀበል ጠይቀው። እምቢ ካለ፣ ለምን በራሱ ቢዝነስ እንደማይተማመን ጠይቀው። የሚሸጠው ከ480 ወደ 240 እንደማይወርድ አውቃለሁ፤ ምናልባት ይስቅብህ ይሆናል። ይሳቅ።

ከዚህ ይልቅ የምመርጥልህ ሌላ መንገድ ግን አለ። የአሁኑ ቀጣሪህ ስንት ሩት አለው? ሾፌሮቹን የሚያስተባብርለት ሰው ይፈልጋል? አንተ ማድረስ ታውቃለህ፤ ገና ያላየኸው ፔይሮሉን፣ የሾፌር ቅጥሩን፣ ሴትልመንቱን፣ ከተርሚናሉ ጋር ያለውን ንትርክ ነው። አንድ ፒክ ሲዝን (የበዓሉን፣ ሥራ የሚበዛበትን ወቅት) ማናጀር ሆነህ ሥራለት። በሰው ገንዘብ ትማራለህ። ኮንትራክተሮች ሲደክማቸው ይሸጣሉ፤ ለሚያምኑት ማናጀር ያለ ብሮከር የሚሸጡም አሉ። ያኔ የየትኛው መኪና ትራንስሚሽን እንደሚንሸራተት፣ የትኛው ሾፌር እንደሚቀርና እንደሚሄድ አስቀድመህ ታውቃለህ። የአማዞን ሩትም በወሬ የምትሰማ ከሆነ፣ እሱ በዚህ መንገድ የሚገዛ ነገር አይደለም፤ አማዞን በማመልከቻ መርጦ ነው የሚያስገባው።

ተቀጣሪ ሆኜ ማርጀት አልፈልግም ያልከውን ቀለል አድርጌ አላየሁትም። ለዚያ ብዬ ነው ዋጋው ላይ እንዲህ የጨከንኩት። ባለቤትህንም ከዚህ በኋላ ወሬው ሲያልቅ እንድትፈርም አትጥራት። ቤቱ በጋራ ስማችሁ ከሆነ፣ ያለ እሷ ፊርማ ባንኩ በመያዣነት አይዘውም። ከባንኩ ጋር በምታደርጉት የመጀመሪያ ቀጠሮ አጠገብህ ትቀመጥ፤ ቤቱን የማይነካ ብድር ስንት ድረስ እንደሚሄድ ራሷ ትጠይቃቸው። የሚሰጧችሁ ቁጥር የምትገዙትን ቢዝነስ መጠን ይወስንላችኋል።